የብጉር መብራት

ዕፀገነት ያን ሰኞ ማለዳ ከማንም ጋር የመነጋገር ፍላጎት አልነበራትም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት ያለው የታክሲ ሰልፍ እንደ ወትሮው ግንቡን ታክኮ ተጠማዟል፤ እሷም ጫፉ ላይ ቆማ ሦስት ሚኒባስ ሞልቶ ሲሄድ አይታለች። ሥራዋ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ አንድ የቆዳ ክሊኒክ ነው። ነርስ ናት፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት የብርሃን ሕክምና ክፍሉን የያዘችው እሷ ናት። ብጉር ፊታቸውን ያጠቃባቸውን ሰዎች አልጋ ላይ አስተኝታ፣ ዓይናቸውን በመከላከያ መነጽር ሸፍና፣ ሰማያዊና ቀይ ብርሃን ከሚሰጠው መሣሪያ ሥር ሩብ ሰዓት ያህል ታቆያቸዋለች። ሥራው ራሱ አያደክምም። የሚያደክመው ጥያቄው ነው። ፊቴን ያቀላልኛል ወይ፣ በአንድ ቀን ይለቅልኛል ወይ፣ ካንሰር አያመጣብኝም ወይ። መልሱን ከመደጋገሟ የተነሣ በእንቅልፏም ስታስረዳ የምታድር ይመስላታል።

"ዕፀ፣ ልጄ፣ እንኳን አገኘሁሽ" አለ ከኋላዋ የምታውቀው ድምፅ።

ወይዘሮ ንግሥቲ ናቸው፤ በአንድ ፎቅ ላይ በር ለበር የሚኖሩ ጎረቤቷ። ከዓዲግራት መጥተው ኦሎምፒያ አጠገብ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ከከፈቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከአንዲት ልጃቸው ከሰምሃል ጋር ይኖራሉ። ደግ ሰው ናቸው። የዕፀገነት እናት ታምመው በተኙበት ጊዜ፣ ውሃ በጠፋ ቁጥር በጄሪካን እያስቀዱ አራተኛ ፎቅ ድረስ ያስወጡላቸው የነበሩት እሳቸው ነበሩ። ዕፀገነትን ያስጨነቃትም ይኸው ደግነታቸው ነው። በዚያ ወር ብቻ አራት ሴቶች ፊታቸው ቀልቶ፣ በብጉር ተሸፍኖ ወደ ክሊኒኩ መጥተዋል። ምን ተቀብታችሁ ነበር ሲባሉ አራቱም ከቦርሳቸው ያወጡት ስም ያልተጻፈበት አንድ ዓይነት ነጭ ብልቃጥ ነው፤ የገዙትም ከወይዘሮ ንግሥቲ ሱቅ። ዕፀገነት ይህን እያወቀች በይሉኝታ አፏን ይዛ ከረመች። በራሷ ዝምታ መናደድ ከጀመረች ሰንብታለች።

ሚኒባሱ ሲመጣ ሁለቱ ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። መንገዱ ገና ከሰፈር ሳይወጣ ተዘጋጋ። ወይዘሮ ንግሥቲ ጊዜ ሳያጠፉ የልጃቸውን ነገር አነሡ። ሰምሃል የሆቴል ሥራ ተምራ ቦሌ ካለ አንድ ሆቴል ለልምምድ እንግዳ መቀበያው ላይ ተመድባ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊዋ ጠራትና "ፊትሽ እስኪሻልሽ" ብሎ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ክፍል አስገባት። ሦስት ቀን ሠርታ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ከቤት አልወጣችም። በር ሲንኳኳ ማስኳን ፈልጋ ካላደረገች አትከፍትም፤ ቤተ ክርስቲያን መሳምም ትታለች።

"ሰው ሁሉ ዕፀ ጋ ውሰጃት ይለኛል" አሉ ወይዘሮ ንግሥቲ። "ለመሆኑ እውነት ነው፣ ሰውን መብራት ሥር አጋድማችሁ ብጉር እናድናለን ትላላችሁ?"

"እውነት ነው እትዬ።"

"መብራትማ ቤታችንም አለ። ሲመጣም ሲሄድም ብጉር ሲያጠፋ አላየሁም።"

ዕፀገነት ትንፋሿን ሰብስባ እንደ አዲስ ጀመረች። ብጉር የሚመጣው የቆዳ ቀዳዳ በወዝ ሲደፈንና ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ሲባዙ እንደሆነ፣ ሰማያዊው ብርሃን እነዚያን እንደሚገድል፣ ቀዩ ደግሞ የተቆጣውን ቆዳ እንደሚያበርድ በዝርዝር ነገረቻቸው። ወይዘሮ ንግሥቲ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ በጨዋ ደንብ አዳመጡና ሲያበቁ፣

"ብርሃን ከሆነ ፀሐይ አለልን አይደል፣ እግዚአብሔር በነጻ የሰጠን?" አሉ። "ወንድሜ ገበሬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው። ልጆቹ ግን ብጉር አላጡም።"

"የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ቆዳ የሚያቃጥል ጨረር አለበት፤ መሣሪያው ያንን አይሰጥም። ውሃ ሁሉ ውሃ ነው ብለን የወንዙንና የቧንቧውን እኩል አንጠጣም እኮ፣ እትዬ።"

"እሺ፣ ጉዳት የለውማ?"

"ጉዳት የማይፈራበት ሕክምና የለም" አለች ዕፀገነት። "ዓይን መሸፈን አለበት። አንዳንድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቆዳው በብርሃን ስለሚቆጣ አስቀድሞ ይጠየቃል። እንደኛ ያለው ጠይም ቆዳ ላይ ሰማያዊው ከበዛ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪም አይቶ በልክ የሚያዘው።"

"አየሽ፣ አንቺም ትፈሪዋለሽ" አሉ ወይዘሮ ንግሥቲ፣ ክርክሩን እንደ ረታ ሰው ወደ መስኮቱ ዞር ብለው።

የተማረ ሰው ፈተናው እዚህ ላይ ነው። እውነቱን ከነገደቡ ስለሚናገር እንደ ፈሪ ይቆጠራል፤ ያላወቀው ግን ያለ ገደብ ስለሚምል ይታመናል። 

ወይዘሮ ንግሥቲ እስካሁን ያደረጉትን መዘርዘር ያዙ። ሎሚ አሹላት። እሬት ቀቧት። ማታ ማታ የጥርስ ሳሙና ለቀለቋት። ለውዝና ጮማ ከለከሏት። በቀን አምስት ጊዜ በሳሙና ፈትገው አጠቧት። ስታገባ ይለቃታል ያሏቸውም አሉ፤ እሳቸውም አላስተባበሉም። ጸበልም ወስደዋት ነበር፤ ያጠመቋት ቄስ ግን ጸሎቱን እየጸለያችሁ ሐኪም አሳዩዋት ብለው መለሷቸው።

"ቄሱ ያሉትን ቢሰሙስ?" አለች ዕፀገነት።

"ሰምቼ ነው የራሴን ቅባት የሰጠኋት። በሳምንቱ ፊቷ ጥርት አለ። ችግሩ ስታቆም መመለሱ ነው። እንግዲያው አታቋርጪ ብያት አበዛሁላት።"

ዕፀገነት እዚህ ላይ ያጠራቀመችው ሁሉ ገነፈለ።

"እትዬ ንግሥቲ፣ ልጅዎን ያጠፋት እኮ እሱ ቅባት ነው። ውስጡ ስቴሮይድ አለበት። መጀመሪያ ቁጣውን ያፍነዋል፣ ሰውም ዳንኩ ይላል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ይለምደዋል፤ ሲያቆሙት በእጥፍ ይፈነዳል። ከእርስዎ ሱቅ የገዙ አራት ሴቶች በዚህ ወር በእጄ አልፈዋል። እርስዎ ግን የሚፈሩት መብራቱን ነው።"

ድምፅዋ ምን ያህል ከፍ እንዳለ የገባት ሰው ሁሉ ሲዞር ነው። ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ወይዘሮ ንግሥቲን አይተው ተጠቃቀሱ። ወይዘሮ ንግሥቲ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ። መገናኛ ሲወርዱ፣ "ሃያ ዓመት ስሸጥ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም" አሏትና በሰዉ መካከል ገብተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታው አንገት ከመነቅነቅ አላለፈም። ዕፀገነት ይቅርታ ልትጠይቅ ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄዳ ተመለሰች። የምትጠይቀውን አላወቀችም፤ የተናገረችው እውነት ነው፣ እውነትን እንዴት ይቅር በሉኝ ይላሉ? የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ይትባረክ ነገሩን ሲሰማ የነገራት ግን ልቧ ውስጥ ቀረ። በሰው ፊት የተዋረደ ሰው ምክሩን ትቶ ውርደቱን ይዞ ይሄዳል አላት።

ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ወይዘሮ ንግሥቲ ፊታቸውን እስከ ዓይናቸው በነጠላ ሸፍነው የብርሃን ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ዕፀገነት ወንበር አቀረበችላቸው። አልተቀመጡም።

"ያን ቀን ከታክሲው ወርጄ ሱቄ እስክደርስ ስረግምሽ ነበር" አሉ። "ውሸቷን መሆኑን አሳያታለሁ ብዬ ብልቃጡን ከፈትኩና ከራሴ ፊት ጀመርኩ። ቀኝ ጉንጬን ብቻ። ግራውን ተውኩት። ጠዋትና ማታ፣ ከወር በላይ። ቀኙ ለሰለሰ፣ ጠራ፤ ደስ አለኝ። መጥቼ ላሳፍርሽ ተነሥቼ ነበር። ስታቆሚው ይፈነዳል ያልሽው ትዝ አለኝና ደግሞ አቆምኩት።"

ነጠላቸውን ገለጡት። ግራ ጉንጫቸው የዕድሜያቸው መስመር ያለበት ንጹሕ ጉንጭ ነው። ቀኙ ከአፋቸው ጥግ እስከ ጆሯቸው ቀልቶ፣ መግል በቋጠሩ ጥቃቅን ብጉሮች ተሞልቷል።

"በዚህ ዕድሜዬ ብጉር አወጣሁ" አሉና ያን ጊዜ ተቀመጡ። "ያቃጥላል ዕፀ። ሌሊቱን ያሳክካል። ልጄ ይኼንን ይዛ ነው እንግዲህ እኔ ጨምሪ የምላት።"

ዕፀገነት እስከዚያች ቀን ድረስ ሴትዮዋን ግትር ብላ ነበር የምትጠራቸው። ያላመኑትን ነገር በገዛ ፊታቸው የሚፈትኑ ስንት ሰዎች አሉ? በታክሲው ውስጥ ስለ ሆነው ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

"ነገሩስ ልክ ነበር" አሉ ወይዘሮ ንግሥቲ። "ቦታው ነው ያልሆነው።"

በማግሥቱ ሰምሃልን ይዘዋት መጡ። ዶክተር ይትባረክ እናትና ልጅን በየተራ መረመረና የሚሆነውን ነገራቸው። መጀመሪያ ቅባቱ ይቆማል፤ ለጥቂት ሳምንታትም ፊቷ ከአሁኑ ሊብስ ይችላል። እስከዚያው ለስላሳ ማጠቢያና የሚቀባ መድኃኒት ይታዘዝላታል። ለዚህ የሚዋጠውን መድኃኒት ከዚህ ቀደም ለሌላ ሕመም ወስዳ ለሆዷ እንዳልተስማማት ስለ ተናገረች፣ ቆዳዋ ሲረጋጋ የብርሃን ሕክምናው ይከተላል።

ወይዘሮ ንግሥቲ ግን ዛሬውኑ መብራቱ ይብራልን አሉ። ቆዩ መባላቸው አናደዳቸው። "እምቢ ስንል ኑ ትላላችሁ፣ ስንመጣ ቆዩ" ብለው ዕፀገነትን በዓይናቸው ገረፏት። ዕፀገነት የመጣባትን ሳቅ በግድ መለሰችው። ከጥርጣሬ ወደ ጥድፊያ መንገዱ አጭር መሆኑን ከሥራዋ ታውቃለች፤ ሁለቱም ለቆዳ አይበጁም። ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳቸው። ብርሃኑ ተአምር አይደለም፤ ለተቆጣና መግል ለቋጠረ ብጉር ይረዳል፣ ለእያንዳንዱ ሰው ግን አያስፈልግም፤ ብዙው ሰው በሚቀባ መድኃኒት ብቻ ይድናል።

አምስት ሳምንት አለፈ። የብርሃን ሕክምናው በተጀመረበት ቀን ሰምሃል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ማስኳን ማውለቅ አቃታት። ዕፀገነት አላጣደፈቻትም፤ ጀርባዋን ሰጥታ መነጽሩን ማጽዳት ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዋ፣ "ብዙ አትይኝ እሺ?" የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማች። "ሥራዬ ማየት ነው" አለቻት ዕፀገነት፣ "አይቼ የሸሸሁት ፊት ግን የለም።" ልጅቷ ማስኩን አወለቀች። እናቷም ካልገባሁ ብለው እሳቸውም መነጽር ተደርጎላቸው ጥግ ተቀመጡ። ሩብ ሰዓቱ እስኪያልቅ ሦስት ጊዜ አቃጠለሽ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሰምሃልም ሦስቱንም ጊዜ ሞቅ ከማለት በቀር ምንም የለም አለች።

በሳምንት ሁለት ቀን ተመላለሱ። በአራተኛው ሳምንት አዲስ የሚወጣው ብጉር ቀነሰ። በስምንተኛው ጥቂት ብቻ ቀረ። ጥቁር ምልክቶቹ አሁንም አሉ፤ ሐኪሙ በወራት ውስጥ እየደበዘዙ እንደሚሄዱ ነግሯት የፀሐይ መከላከያ ሳትቀባ እንዳትወጣ አስጠንቅቋታል። ሰምሃል ግን ምልክቶቹ እስኪጠፉ አልጠበቀችም። ምድር ቤት ወዳወረዳት ሆቴል ሳይሆን ሌላ ሆቴል አመልክታ፣ ፊቷን ገልጣ ለቃለ መጠይቅ ቀረበች። እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀጠረች።

ብጉር የወጣቶች ጨዋታ ነው፣ ይተዋቸዋል እያልን ስንት ልጅ ከትምህርቱ፣ ከሥራው፣ ከጓደኞቹ ሲሸሽ ዝም ብለን አየን። በጊዜው የታከመ ብጉር ጠባሳ አይተውም፤ ለሐኪም የታየ ፊት ለማይታወቅ ብልቃጥ አይጋለጥም፤ ያልታፈረበት ልጅም ከቤቱ አይደበቅም። ይህን ለመረዳት መማር የግድ አይደለም። ያላወቁትን ነገር ከመፍራትም ከማመንም በፊት መጠየቅ ይበቃል።

አንድ ቅዳሜ ዕፀገነት ወደ ሱቁ ብቅ ስትል ነጮቹ ብልቃጦች ከመደርደሪያው ጠፍተዋል። በሩ መስታወት ላይ በወይዘሮ ንግሥቲ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ከዚህ ሱቅ ነጩን ቅባት የገዛችሁ ሁሉ የቆዳ ሐኪም አማክራችሁ አቁሙት፤ እኔንም ልጄንም ጎድቶናል፣ ይላል። ወይዘሮ ንግሥቲ ባንኮኒው ጀርባ ቆመው ለደንበኞቻቸው በየተራ እየደወሉ ያንኑ ይነግራሉ። አንዷ ሰድባቸው ስልኩን ዘጋችባቸው። ቀጣዩን ቁጥር ፈለጉ።

ዕፀገነት ሱቁ እንዳይጎዳባቸው ሰጋች። ወረቀቱ እንኳ ቢነሣና ለሚያውቋቸው ብቻ ቀስ ብለው ቢነግሩ አይሻልም ወይ አለቻቸው።

ወይዘሮ ንግሥቲ ስልኩን በትከሻቸው ይዘው ቀና ብለው አዩዋት።

"በአደባባይ የሸጥኩትን፣ ልጄ፣ በጓዳ ነው የምመልሰው?" አሏትና ወዲያ ማዶ ላነሣችው ሴት ሰላምታ መስጠት ጀመሩ።