ነገ በረጅሟ እሳፈራለሁ

ክቡራትና ክቡራን፣ ጋሽ ሽቶም ጭምር፤

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ኬኩ ሳይቆረስ አንድ ጎኑ ጎድሎ እንደነበር አይቻለሁ። ማን እንደበላውም አውቃለሁ፤ ፍርፋሪው እስካሁን ሸሚዙ ላይ አለ። ግን የስንብት ቀን ስለሆነ ስም አልጠራም። ያራግፈው ብቻ።

ከአሮጌ አይሮፕላን ተነቅለው ወደዚህ ማረፊያ ክፍል በመጡት ወንበሮች ላይ የተቀመጣችሁ፣ ቀበቷችሁን እሰሩ። ንግግሬ መሀል ላይ ትንሽ ሊንጣችሁ ይችላል።

ከላይ ከቢሮ ለኬኩ ብላችሁ ለወረዳችሁ እንግዶች ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ የትልቋ አጽጂ ነኝ። ትልቋ ማለት ያቺ ሆደ ሰፊዋ፣ ውስጧ ሁለት መተላለፊያ ያላት የመንገደኛ አይሮፕላን ናት። መንገደኛው ሲወርድ እኛ እንገባለን፤ እኛ ስንወርድ መንገደኛው ይገባል። ትምህርቴን በተመለከተ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ቤቱ በስምምነት ተለያይተናል። ስምምነቱ ላይ የፈረመው ግን ዳይሬክተሩ ብቻ ነው። ጋሽ ሽቶ የምላችሁ ደግሞ የአይሮፕላኑን መጸዳጃ የሚያራግፈውን መኪና የሚነዳው ወንድማችን ነው። ቅጽል ስሙ ከየት እንደመጣ አትጠይቁኝ፤ ጠጋ በሉና ራሳችሁ ድረሱበት።

ነገ ጠዋት በዚያችው በምጠርጋት አይሮፕላን እሄዳለሁ። ባሕር ማዶ፣ በረዶ የሚጥልበት ከተማ፣ የአይሮፕላን ወንበር የሚጠግን ወርክሾፕ ተቀብሎኛል። እንግዲህ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትስቁ። ጋሽ ሽቶ፣ ገና ሳልናገር አይሳቅም። እኔ በሕይወቴ በአይሮፕላን ሄጄ አላውቅም። ወንበሯን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፣ ከሥሩ ማለቴ ነው። ቆማ እንጂ ስትንቀሳቀስ ግን ውስጧ ሆኜ አላውቅም። እና ፈርቻለሁ። ይኸው፣ ወጣልኝ።

ይህም ሳያንስ እትዬ አኩርፈውኛል። እትዬ አለቃችን ናቸው፤ እዚያ በሩ አጠገብ እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡት። መጥረጊያ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። “ልሄድ ነው” ስላቸው “እዚህ ምን ጎደለብህ?” አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ለእኔ ቃል አልወጣቸውም። ሳምንቱን ሙሉ የሚያዙኝ በጋሽ ሽቶ በኩል ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ “ያንን ልጅ ባልዲውን አንሳ በለው” ይሉታል። እሱም ዞር ብሎ “ባልዲውን አንሳ ተብለሃል” ይለኛል። “አነሳለሁ ብሏል በልልኝ” እለዋለሁ። ሰውየው በስተርጅና አምባሳደር ሆኗል።

ስለ ትልቋ ትንሽ ላውራላችሁ፣ እንግዶቹ ኬክ ብቻ በልተው እንዳይወጡ። ትልቋ ስንል አንዲት ብቻ አይደለችም፤ ሦስት እህትማማቾች ናቸው። የመጀመሪያዋ አጭሯ ናት፤ ጀመርናት ስትል ጭራዋ ጋ ትደርሳለህ። ሁለተኛዋ ረጅሟ፤ ከወገቧ ላይ ቀጥለው ያስረዘሟት። እሷን ከአንዱ ጫፍ ጠርገህ ሌላው ጫፍ ስትደርስ፣ የጀመርክበት ቦታ አዲስ አቧራ ይዞ ይጠብቅሃል። ሦስተኛዋ መስኮት የላትም፤ የምትጭነው ዕቃ ብቻ ነው።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ይህን የነገረኝ ሰው አለ? እነዚህ የተቀመጡት ደጋግ ሰዎች መጥረጊያና ከረጢት አስይዘው፣ “ግባና የወንበሮቹን ኪስ አጽዳ” ብለው ዕቃ ጫኟ ውስጥ ሰደዱኝ። ገባሁ። ወንበር የለም። መስኮት የለም። ምናልባት ፎቅ ይኖራት ይሆናል ብዬ ጣሪያውን በመጥረጊያ አንኳኳሁ። ከዚያ እየሮጥኩ ወርጄ ጥበቃውን “ወንበሮቹን ሰርቀዋቸዋል፣ በሩን ዝጋ” አልኩት። ጥበቃው ደግሞ የዋህ ነው፣ ዘጋው። እትዬ መጡና ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚባል ሳይታይ “የጠፋው የትኛው ወንበር ነው?” አሉኝ። “ሁሉም” አልኳቸው። “እንግዲህ መጨረሻ የገባኸው አንተ ነህ” አሉኝ። ተንኮልን ከማን እንደተማርኩ ይታወቅልኝ።

ረጅሟ ደግሞ እኛ ጋ በልጅነቷ አልመጣችም። ከእኛ በፊት ሁለት ኩባንያ አግብታለች። የመጀመሪያው ሸጣት፣ ሁለተኛው ከሰረባት። ቀለሟ ሲላጥ የድሮ ባሎቿ ቀለም ከሥር ብቅ ይላል። የኋለኛው መጸዳጃ ውስጥ ማናችንም ማንበብ የማንችለው ተለጣፊ ጽሑፍ አለ። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ “ምን ይላል?” ስትለኝ “ከእትዬ ተጠንቀቁ ይላል” አልኳት። አመነችኝ። እስካሁን እትዬን ስታይ መንገድ ትቀይራለች። አይዞሽ እህቴ፣ አንቺ መሆንሽን አልናገርም።

ከየት እንደመጣችስ በምን እናውቃለን? እኛ የበረራ ሰሌዳ አናይም፣ ወለሉ ይነግረናል። ከወንበር ሥር የቴምር ፍሬ ከተንከባለለ ከበረሃው ከተማ ናት። ምንጣፉ ርሶ ከጠቆረ ከበረዶው ነው የመጣችው። ማስቲካ በየቦታው ከተለጠፈ ተማሪ ጭና ነው፤ ከየት እንደሆነ አያገባንም፣ መፋቂያ አምጡ ነው። የኦቾሎኒ ቅርፊት ከሆነ ግን፣ ከየትም ትምጣ፣ የዚያን ቀን ከእትዬ ራቁ።

ለምን ብትሉ፣ በግድግዳውና ወንበሩ በተተከለበት ሐዲድ መሀል አንዲት ስንጥቅ አለች። ቅርፊቱ ሄዶ ሄዶ እሷ ውስጥ ይሸጎጣል። መጥረጊያ አይደርስባትም፤ መምጠጫ ማሽኑም አይስባትም። የሚደርስባት የእትዬ ጣት ብቻ ነው። ሁላችን ጨርሰን ስንወርድ እሳቸው ይቀሩና፣ በየመስኮቱ ሥር ጎንበስ እያሉ እስከ ጭራዋ ድረስ በጣታቸው ይዳስሳሉ። ባሕር ማዶ ያሉት አጽጂዎች ያቺን ስንጥቅ ነክተዋት አያውቁም። የእነሱን ጉድ ሁልጊዜ የሚያወጡት እትዬ ናቸው፣ ከነስድቡ።

ወደ ፍርሃቴ ልመለስ። ባለፈው መካኒካችንን “የእሷ ዓይነት ወድቃ ታውቃለች?” አልኩት።

ቁልፉን አስቀመጠና “አልዋሽህም” አለኝ። “በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ጎማ የፈነዳባት አለች፣ ከመንደርደሪያው ወጥታ ሣር ላይ የቆመች አለች፣ ሰው የሞተባትም አለች። ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላ ግን የሆነ ነገር ተቀይሯል። አሁን የማጠብቃት ብሎን ድሮ እንዲህ አትጠብቅም ነበር።”

“አጽናናኸኝ” አልኩት።

“ንገረኝ ነው ያልከኝ፣ አጽናናኝ መቼ አልከኝ?”

መካኒክ ሆዱ ብረት ነው።

የኛይቱ ረጅም ራሷ አንድ ቀን ያደረገችንን ታስታውሳላችሁ። ተነሥታ ባሕሩ ላይ ሳትደርስ አንዱ ሞተር ስላስቸገረ አብራሪዎቹ አጥፍተውት፣ በቀረው ይዘዋት ተመለሱ። ሰው ሁሉ በእግሩ ወረደ፣ የተጎዳ አልነበረም። ከዚያ እኛ ገባን። የሚጠረግ ነገር አጣን። ፍርፋሪ የለም፣ የከረሜላ ወረቀት የለም፣ ምግቡ እንደታሸገ ነው። እኔ እንደልማዴ “ዛሬማ ዕረፍት ነው” ልል አፌን ስከፍት እትዬን አየኋቸው። መተላለፊያው መሀል ቆመው ወለሉን ያያሉ።

“ፈርተው ነበር” አሉ። “የፈራ ሰው አይበላም። እንዲህ የጸዳ ወለል ሁለተኛ አያሳየኝ።”

ያን ቀን አልቀለድኩም። አልቀለደም የምትሉት ቀን ቢኖር እሱ ነው።

አሁን ምስጢር ላወጣ ነው። መካኒኩ ንገርብኝ አላለኝም፣ ግን ከኔ ጋር ማን ምስጢር አውራ አለው? ትናንት እትዬ ሄደው “ያ ልጅ የሚሄድባት የቷ ናት?” ብለውታል።

“ረጅሟ።”

“ሞተሯን አየኸው?”

“አየሁት እትዬ።”

“ድጋሚ እየው።”

ሄዶ አየው። ሲመለስ እዚያው ቆመው ጠበቁት።

“እሺ?”

“ደህና ነው እትዬ።”

“ሌላኛውስ?”

እኔ ሳምንቱን ሙሉ ምን በደልኳቸው እያልኩ ስብሰለሰል፣ ለካ እትዬ ቁጣ አይደለም የያዛቸው። እንደ እኔ ፈርተዋል። ልዩነታችን፣ እኔ ስፈራ እለፈልፋለሁ፣ እሳቸው ሲፈሩ ዝም ይላሉ።

ስለዚህ እትዬ፣ ጋሽ ሽቶን ሳላስቸግር በቀጥታ ልንገርዎት። ኪሴ ውስጥ ያለውን ይዩት። ኦቾሎኒ ነው፣ ከነቅርፊቱ። ነገ ባሕሩ ላይ ስንደርስ እበላዋለሁ። ፈርቼም ቢሆን እበላዋለሁ። ቅርፊቱን ያቺ የሚያውቋት ስንጥቅ ውስጥ እሸጉጠዋለሁ። የዚያ ማዶ ሰዎች እንደሆኑ አያወጡትም። ከደረስኩ በኋላ እደውልልዎታለሁ፤ ግን እርስዎ የስልክ ወሬ አያምኑም፣ የሚያምኑት ወለል ነው። ከነገ ወዲያ ረጅሟ ስትመለስ ይግቡና ይዳስሱ። ቅርፊቱን ካገኙት፣ ልጅዎ በልቷል፣ በደህናም ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ እንደልብዎ ይስደቡኝ።

እንግዲህ ተሰናባች ሳይመርቅ አይወርድምና ልመርቃችሁ። ወለላችሁ ከፍርፋሪ አይለይ። የሚሳፈሩባት ሁሉ እየበሉ፣ እየሳቁ፣ እያንጠባጠቡ በሰላም ይመለሱላችሁ። መካኒክ ወንድሜ፣ ያጠበቅከው ሁሉ እንደጠበቀ ይቆይልህ። ጋሽ ሽቶ፣ ቱቦህ አይፈታብህ፤ ይህን የምለው ለራስህ ብዬ ብቻ አይደለም። ከቢሮ የመጣችሁም፣ ወንበራችሁ እንደነዚህ ወንበሮች አይነቀልባችሁ። ከእኔ በኋላ ለሚቀጠረው አዲስ ሠራተኛ ዕድሜ ይስጠው፤ ዕቃ ጫኟን ግን እንድታጥቡለት አደራ፣ የሚጠፋ ወንበር ሲፈልግ እንዳይቆሽሽ።

እትዬ፣ ለእርስዎ ደግሞ…

ቆይ፣ ዝም በሉ እስቲ። እትዬ እየተናገሩ ነው።

“ስንተኛው ረድፍ ነው?” አሉኝ።

ሰማችሁ? ለእኔ ነው የተናገሩት። ጋሽ ሽቶ፣ ከአምባሳደርነት ተነሥተሃል።

አርባ አንድ ነው፣ እትዬ። በግራ በኩል፣ መስኮቱ ጋ።

ብዙ አድርጌ አስቀምጥልዎታለሁ።