ወደ ወጌሻ የሚሄድ ስፌት

ከኡኬ ወደ ነቀምቴ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ቀኝ እጁ በጄሶ የታሰረ ጎልማሳ ከፊቴ ተቀምጧል፤ አጠገቡ አንዲት ጠና ያሉ ልብስ ሰፊ አሉ።

«እጅህን ምን ነካው ልጄ?»

«ገጀራ ጅማቴን በጠሰው፣ አዴ። አንዱ ጫፍ ሸሽቶ ብብቴ ሥር ሊገባ ሲል ሐኪሙ ደረሰበትና ጎትቶ ከወንድሙ ጫፍ ጋር ሰፋው!»

«ጎበዝ ሐኪም! አሁን ወዴት ነህ?»

«ወጌሻ ጋ። ጣቴ አልታጠፍ ብሎኛል፤ ጄሶውን ፈትቶ፣ በቅቤ አሽቶ ሳብ ሳብ ያድርግልኝ።»

«ከተሰፋህ ስንት ቀንህ ነው?»

«ስምንት።»

«ስምንት! እኔ ቀሚስ ሰፍቼ፣ ክሩን ሳልቋጥር ብትጎትተው ምን ይሆናል?»

«ይተረተራል።»

«ጅማትህም እንደዚያው ነው። ዕድሜህን ሙሉ በግራህ ልትበላ ነው? የሰፋህ ሐኪም ራሱ ጣትህን ያለማምድልህ። ሾፌር፣ ይህን ሰው ሆስፒታሉ በር ላይ አውርድልኝ!»

«እሺ አዴ፣ እወርዳለሁ።»

እኔም ወለም ላለው እግሬ ብዬ ለዚያው ወጌሻ የያዝኩትን ቅቤ ቀስ አድርጌ ከወንበሩ ሥር ደበቅሁት።