የአቤኔዘር እንባ

ሕፃን እያለቀሰ እንባ ካጣ፣ እንባው ወዴት ሄደ ይባላል? ጠዋቱን ሁሉ ይህን ራሴን ስጠይቅ አረፈድሁ። የልጅ ልጄን አቤኔዘርን ከትናንት ጀምሮ ተቅማጥ ይዞታል። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፤ አፉን ከፍቶ ያለቅሳል፣ ጉንጩን ስዳብሰው ግን ጠብታ የለም። እናቱ ሰላም ለሱቋ ዕቃ ልታመጣ አዲስ አበባ ስትሄድ አደራውን እኔ ላይ ጥላለች። እሷ ስትመለስ ምን ላሳያት ነው?

የባለቤቴ ታላቅ እህት እትዬ ትርንጎ ግን ምንም አልጨነቃቸውም።

«ጥርሱ ነው ያስቀመጠው፤ የሚነቅልለት ሰው ፈልጊ። እስከዚያው ውሃ አታስነኪው! ያጠጣሽውን አይደል የሚያወርደው? ለጎረቤታችን ለሃሊማም ይህንኑ ነግሬያታለሁ፤ የእሷም ልጅ እንዲሁ ሆኗል።»

ልጁን አዝዬ ወጣሁ። ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ ስጠብቅ የቀድሞ ጎረቤታችን ልጅ ሲፈን ድንገት አገኘችኝ። ፋርማሲ ተምራ እዚያው ከተማችን ትሠራለች።

«እማማ ደስታ፣ በጥድፊያ ወዴት ነው?»

«ጥርስ ላስነቅል።»

«የእርስዎን?»

«አሹፊብኝ አንቺ! የልጁን ነው እንጂ።»

ሳቋ የቆየው ነጠላውን እስክትገልጥ ነበር። ልጁን ከጀርባዬ አውርዳ የሆዱን ቆዳ በጣቶቿ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። ከያዘችው ውሃ በክዳኑ ስትሰጠው ተስገብግቦ ጠጣ።

«መጠጣት ከቻለ ጊዜ አለን። ቢዝል፣ የሚጠጣውን ሁሉ ቢያስመልስ ወይም ተቅማጡ ደም ቢቀላቅል ግን ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው» አለችኝ። ከፋርማሲው ኦአርኤስ የሚሉትን ዱቄት ጥቂት እሽጎችና ለዐሥር ቀን በየቀኑ የሚወስደውን የዚንክ እንክብል ሰጥታኝ፣ አላመነችኝም መሰለኝ፣ አብራኝ ቤት መጣች።

እትዬ ትርንጎ ቡላ እያማሰሉ ነበር። እሽጎቹን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«መድኃኒት ነው? እንግዲያው ቡላው ውስጥ ነስንሺው! ቡላ የተሰበረ አጥንት ያቆማል፤ ሁለቱ ከተባበሩ ምን ይሳናቸዋል?»

እኔም ብልሃት መስሎኝ አንዱን እሽግ ቀድጄ ድስቱ ላይ ልደፋው ስል ሲፈን እጄን ያዘችኝ።

«እማማ ትርንጎ፣ ቡላው ለብቻው ይቅረብለት። ይህ ዱቄት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ብቻ የተመጠነ ነው። ከወፈረ ከሰውነቱ ውሃ እየሳበ ተቅማጡን ያባብሰዋል።»

«በሚያፈስ ጣራ ላይ ዝናብ ልትጨምሪ ነው?»

«የተከሉት የእንሰት ችግኝ ቢጠወልግ ምን ያደርጋሉ?»

«አጠጣዋለሁ! ምን ጥያቄ ነው?»

«ቅጠሉን አይነቅሉለትም?»

እትዬ ትርንጎ አማሳያውን አስቀመጡ። «ልጅና እንሰት አንድ ነው እንዴ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ሲፈን እጃችንን በሳሙና አስታጠበችን። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በአንድ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ለክታ ወደ ንጹሕ ጆግ ገለበጠች፤ እሽጉን ሳታስተርፍ ጨምራ አማሰለች።

«ቅመሱት፤ ጨውነቱ ከእንባ ሊበልጥ አይገባም። የዛሬው ለነገ አያድርም፤ ነገ አዲስ ይበጠበጣል።»

በማንኪያ ቀስ በቀስ አጠጣነው። ወዲያው አስመለሰው!

«አላልኩም!» አሉ እትዬ ትርንጎ።

ሲፈን ግን «ትንሽ እናሳርፈውና ከቅድሙ ቀስ ብለን እንቀጥላለን» ብላ ጠበቀች፤ ከዚያ እንደገና ጀመረች፤ አሁን አላስመለሰውም። ትዕግሥት የመድኃኒቱ ግማሽ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። ከሰዓት በኋላ ጭኔ ላይ ሙቀት ተሰማኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልሸናው ልጅ ሸንቶብኛል። በሕይወቴ ልብሴ በመበላሸቱ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

እትዬ ትርንጎ ማንኪያውን ተቀበሉና «እስቲ እኔም ልቅመሰው» ብለው ወደ አፋቸው ወሰዱት። አቤኔዘር ድርሻውን የተቀማ መሰለውና በቁጣ ጮኸ። ከዓይኑ ወፍራም እንባ ወርዶ እጃቸው ላይ ጠብ አለ።

እልል አልሁ! «ጌታ ሆይ ተመስገን፣ በእንባ አለቀሰ!» እያልሁ የምስቅ አያት ማን አይቶ ያውቃል?

እናንተም የልጅ ልጅ የታቀፋችሁ፣ እኔን ያየ ይማር። ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ውሃ መከልከል የደረቀ ማሳ ላይ ፀሐይ መጨመር ነው። በልኩ የተበጠበጠው ዱቄት የሄደውን ውሃ ይመልሳል፤ ጡትና ምግብ ሳይቋረጥ፣ ጥርስም ሳይነካ ልጅ ይድናል።

ይህን ለእትዬ ትርንጎ ልነግራቸው ዞር ስል፣ እጃቸው ላይ የቀረችውን እንባ ትክ ብለው እያዩ ነበር። ከጠረጴዛው ያልተከፈተ እሽግ አነሱ፤ ባዶውን ሃይላንድ ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ በሩን ከፍተው ወደ ሃሊማ ቤት እየተጣደፉ ሄዱ።