የታሸገው ቁም ሳጥን

ሐረገወይን ከአዲስ አበባ በመጣው አውቶቡስ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ፣ ጋሼ ወርቁ ከአንድ ሆቴል በረንዳ ጥላ ሥር ቆመው ነበር። ማንንም አይጠብቁም ነበር። በዚያ አገር የጥቅምት ፀሐይ እንኳ ስለማያስኬድ አረፍ ብለው ነው እንጂ።

ጋሼ ወርቁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው። ወገባቸው ላይ የሚንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ ከእርሳቸው ቀድሞ ይሰማል። እርሷ ደግሞ በዚያው ትምህርት ቤት ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኝነት ተመድባ፣ ሥራውን እንድትማር ሦስት ወር ተልካ የተመለሰች ልጅ ነች።

«እንደምን ከረምሽ ልጄ? መጽሐፍ መደርደር ተማርሽ?» አሏት ካርቶኗን እየተቀበሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። ተማርኩ።»

«እኔን የሚገርመኝ ሦስት ወሩ ነው። ባለቤቴ ጌጤ ቤት ውስጥ ሳህን ስትደረድር ኮርስ የሰጣት የለም።»

ሐረገወይን ሳቀች። «እትዬ ጌጤ የትኛውን ሳህን ማን እንደሚፈልገው ያውቃሉ። እኛም የተማርነው ይህንኑ ነው። ለያንዳንዱ መጽሐፍ ካርድ ይጻፍለታል፣ ጀርባው ላይ ቁጥር ይለጠፍበታል። ተማሪው ስለ ወባ ማንበብ ቢፈልግ ካርዱን ያያል፣ ቁጥሩን ይዞ ሄዶ ራሱ ያነሳዋል።»

«ራሱ ያነሳዋል?» ጋሼ ወርቁ መንገድ መሐል ቆሙ።

«ራሱ። ፈርሞም ቤቱ ይወስደዋል።»

«እንግዲያስ ሦስት ወር ሙሉ ያስተማሩሽ ማስረቅ ነው» አሉና ጉዟቸውን ቀጠሉ።

አይ ጋሼ ወርቁ! ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን የፈራ ሰው ከክፉ ሰው የሚለይበት ጊዜ ትንሽ ነው። ከእርሳቸው በፊት ግምጃ ቤቱን የያዘው ዓለሙ፣ በቆጠራ ጊዜ ጥቂት መጻሕፍት ጎደሉበትና «የሕዝብ ንብረት አባክኗል» ተብሎ ታሠረ። ልጆቹ ሽንኩርት እርሻ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ሆኑ። ጋሼ ወርቁ ሥራውን በተረከቡ ማግስት መጻሕፍቱን በሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቱ፣ ቆለፉ፣ በቀይ ሰም አሸጉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የቆጠራ ኮሚቴ ይመጣል፤ ማኅተሙን ይዳስሳል፤ አለመነካቱን አይቶ «ተሟልቶ ተገኝቷል» ብሎ ይፈርምና ምሳውን ይበላል። ሁሉም በዚህ ተስማምተው ይኖሩ ነበር።

ሐረገወይን ይህን ያወቀችው ግምጃ ቤቱ ውስጥ ገብታ ቁም ሳጥኖቹ ፊት ስትቆም ነው። ወለሉ አፈር ነበር።

«ጋሼ፣ ውስጡን ካዩት ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ማየት ማለት ማኅተም መስበር ነው። ማኅተም መስበር ማለት ጣጣ ነው።»

«ታዲያ መጻሕፍቱ መኖራቸውን በምን ያውቃሉ?»

«ማኅተሙ አለ አይደል?»

«በዚህ ቆላ መጽሐፍ መነካት አለበት። ይራገፋል፣ ነፋስ ያገኛል። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ምስጥ ይጠራል። ይህን ደጋግመው ነው ያስተማሩን። ሌባ የወሰደው እንኳ ይነበባል ጋሼ።»

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» አሉ ጋሼ ወርቁ። «ዛሬ ለአንዱ ብከፍት ነገ ሁሉም ይግተለተላል። አንዱ ይገነጥላል፣ አንዱ ይቀዳድዳል፣ አንዱ ያጠፋል። ዓለሙ ሲታሠር ማን ደረሰለት? እኔ ዓለሙን መሆን አልፈልግም።»

ዓለሙ በእርግጥ ታሥሮ ነበር። ስለዚህ ሐረገወይን ያላትን ይዛ ጀመረች። አንዲት ባዶ ክፍል አስጠረገች። ከመምህራን ጥቂት መጻሕፍት ለመነች። የመደርደሪያውን እግሮች በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አቆመች፤ ምስጥ እንዳይወጣም ከሾፌሮች የለመነችውን የተቃጠለ ዘይት ጣሳዎቹ ውስጥ አፈሰሰች። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱን መጽሐፍ አንስታ ታራግፋለች፣ የተገነጠለ ትሰፋለች፣ ካርድ ትጽፋለች። ወንበር ስላልነበረ ተማሪዎቹ ቆመው ያነቡ ነበር። ጋሼ ወርቁ ሲያልፉ በመስኮት አጮልቀው አይተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጃቸው ሽፈራው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። የፊዚክስ መምህሩ፣ ጥያቄና መልስ ያለበት ጥሩ መጽሐፍ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ነግረውታል። ፈተናው ሲቃረብ ልጁ ሐረገወይንን ይዞ አባቱ ዘንድ ሄደ።

«አባባ፣ አንድ ሳምንት ብቻ። እዚያው ግምጃ ቤት ቁጭ ብዬ ላንብበው።»

«ወርቁ ለልጁ ብሎ ማኅተም ሰበረ ሊያሰኘኝ ነው? ደብተርህ ይበቃሃል። እኛ በምን ተማርን?»

«ለእርሱ ብቻ አይክፈቱ ጋሼ» አለች ሐረገወይን። «ለሁሉም ይክፈቱ፤ ያን ጊዜ አድልዎ የሚል አይኖርም። ፈርሜ እረከብዎታለሁ። ቢጠፋ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ። እስር ቤት ደጃፍ ስንቅ ይዘሽ ቆመሽ አታውቂም።»

ማታ እትዬ ጌጤ ደግሞ ያዟቸው። «ልጁ ካላለፈ ማን እንደሚወስደው ታውቃለህ» አሏቸው። ማን የማያውቅ ነበር? ያለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ የወደቀውን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ይመለምለዋል። ጋሼ ወርቁ ግን ዓለሙን እያሰቡ ተኙ።

ሽፈራው አላለፈም። ክረምቱ ሲገባ ከጓደኞቹ ጋር ታፍሶ በጭነት መኪና ወደ ሰሜን ተወሰደ። መኪናው ወደ ካራቆሬ ሲያቀና እትዬ ጌጤ አስፋልቱ ዳር ቆመው ከዓይን እስኪሰወር አዩት። መጽሐፉን ቢያነብ ኖሮ ያልፍ ነበር ወይ? ማን ያውቃል። አባት ግን በዚህ «ማን ያውቃል» ነው የሚያረጀው።

በዚያው ሰሞን የቆጠራ ኮሚቴው መጣ። ሐረገወይን ርዕሰ መምህሩን አቶ ብርሃኑን ስትወተውት ከርማ ስለነበር፣ በዚህ ዓመት ቁም ሳጥኖቹ ተከፍተው ለእርሷ እንዲተላለፉ ታዘዘ። ጋሼ ወርቁ በገዛ እጃቸው ሰሙን ሰበሩ።

መጻሕፍቱ እንደተሰደሩ ቆመዋል፤ ጀርባቸው እንኳ አልደበዘዘም። «ይኸው!» አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ። «ምንም አልተነካም።» አንዱን ሳቡት። ልባሱ እጃቸው ላይ ቀረና ውስጡ አፈር ሆኖ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ። ምስጡ ከወለሉ በቁም ሳጥኑ እግር ወጥቶ፣ ገጹን በልቶ፣ ጀርባውን ትቶላቸዋል።

ጋሼ ወርቁ አረንጓዴ ጀርባ ያለውን የፊዚክስ መጽሐፍ ፈልገው አወጡ። ከአፈር በቀር የያዘው ነገር አልነበረም።

«ማኅተሙ ግን ደህና ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ኮሚቴው ተነጋገረና «በምስጥ የተበላሸ» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ማንም አልታሠረም። ዓለሙን ያሠረ ደንብ ለምስጥ ራራ። ጋሼ ወርቁን ያንገበገባቸው ከሁሉ በላይ ይህ ነበር፤ ስንት ዓመት ሲፈሩት የኖሩት ነገር ሳይመጣ ቀረ፣ ያልፈሩት መጥቶ ልጃቸውን ወሰደ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

በማግስቱ ሐረገወይን ክፍል መጥተው ተቀመጡ። ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «በይ ልጄ፣ ያንን ሳህን መደርደር አስተምሪኝ» አሏት።

አልሳቀችም። ከመጨረሻው ቁም ሳጥን ግማሽ ያህሉ ተርፎ ነበር። አብረው ጥላ ሥር ዘርግተው አናፈሱት፣ አራገፉት፣ ሰፉት። ጋሼ ወርቁ ሙጫ መቀባትና ቁጥር መለጠፍ ቻሉ። መስከረም ሲጠባ በሩን ጠዋት የሚከፍቱት እርሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን የዘምዘም አባት ሐሚድ፣ ልጁ የተዋሰችውን መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ዘምዘም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነች።

«ይቀበሉኝ ጋሼ። የመንግሥት ዕቃ ቤቴ ማደሩ አላስተኛኝም። ቢቀደድ ልጄን ያስጠይቃታል።»

«ይቀደድ» አሉ ጋሼ ወርቁ።

«ምን አሉ?»

«ይቀደድ አልኩህ። የተቀደደውን ይህቺ ልጅ ትሰፋዋለች፤ እኔም መስፋት ተምሬያለሁ። የጠፋውን ተማክረን እንተካለን። የሚነበብ መጽሐፍ አንዱ ቢያነሳው አንዱ ያራግፈዋል፣ ምስጥ አይጠጋውም። አንድ መጽሐፍ ለዘምዘም፣ ከዚያ ለታናሿ፣ ከዚያ ለጎረቤት ልጅ ይደርሳል። ስትመልሰው ጭንቅላቷ ውስጥ የቀረውን ማንም ቆጣሪ አይቀማትም። እኔ ምንም ሳይነካ አስቀምጬ አይቼዋለሁ ሐሚድ። ያተረፍኩትን ታውቃለህ።»

ሐሚድ ያውቅ ነበር። ከተማው በሙሉ ያውቃል። «አላህ በሰላም ይመልስልዎ» አለና መጽሐፉን መልሶ ጠቀለለው።

በዓመቱ ውጤት ሲለጠፍ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት እንደዚያ ያለ ቁጥር አልፎ አያውቅም ነበር። ዘምዘምም አለፈች። ተማሪዎቹ ወደ ቤተ መጻሕፍቷ እየሮጡ መጥተው የጋሼ ወርቁን ጉልበት ሳሙ። ጋሼ ወርቁም ደስታው አሯሯጣቸውና ቤታቸው እንደደረሱ፣ በር ላይ ቆመው፣ ለእትዬ ጌጤ ነገሯቸው። ማን ማን እንዳለፈ በየስማቸው ጠሩላቸው። ከሽፈራው እስከዚያ ቀን ወሬ አልነበረም።

እትዬ ጌጤ ሰምተው ጨረሱ።

«እሰይ» አሉ። «እናቶቻቸውን እንኳን ደስ ያላችሁ በልልኝ።»

ከዚያም ራት ሊያቀርቡ ገቡ።