ለወለቀ ጣት የተቀደደ ጫማ

የጫማዬ ተረከዝ ተነቅሎ ወደ ጫማ ሰፊው ጎራ ስል፣ ልብስ ሰፊው ታላቅ ወንድሜ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አዲስ ጫማ ሲያስቀድድ አገኘሁት። አምና የእግሩ አውራ ጣት ደፍ መትቶት ወልቆ ነበር። በቅባት ሲያሸው ከረመ፤ ጣቱም እንደ ወለቀ ሽቅብ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጫማ በገዛ ቁጥር ለጣቱ መስኮት ያስወጣለታል።

“ጋሼ፣ ሐኪም ይየው እንጂ” አልኩት።

“ልብስ ለሰው ይስተካከላል እንጂ ሰው ለልብስ አይስተካከልም። ጫማም ያው ነው።”

ጫማ ሰፊው በሐሳቡ ተስማማ፤ ለምን አይስማማ፣ እንጀራው ነው።

እኔ ግን ከያዝኩ አልለቅም። የስፌት መኪናው የሚሽከረከረው በእግር ነው። ጣቱ ሲጠዘጥዘው ስፌቱ ይዘላል፤ ደንበኞቹም ጨርቃቸውን ይዘው ወደ ማዶው ሰፊ መሻገር ጀምረዋል። እንዲህ ከቀጠለ መኪናውን መሸጡ ነው። ስለዚህ እየጎተትኩ ነርስ የሆነችው ሴት ልጁ ዘንድ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። መንገዱን ሙሉ ቢላ የሥጋ ሻጭ ነው፣ ሰው የሚሄደው በእግሩ እንጂ በጣቱ አይደለም እያለ አደነቆረኝ።

ልጅቱ ራጅ አስነሥታ አሳየችው። እሱም እንግዲያው ጎትተሽ መልሺው አላት።

“አባዬ፣ የወለቀ ቀን ብትመጣ ሐኪሙ በእጁ ይመልሰው ነበር። አሁን ቦታውን ጠባሳ ሞልቶታል። ተከፍቶ ካልተጠረገ አጥንቱ አይገባም።”

“አልቀደድም።”

“እሺ፣ እጅጌ አጣመህ ብትገጥም ምን ታደርጋለህ?”

“ፈትቼ እንደገና እገጥማለኋ።”

“ኮቱን በሌላ በኩል ቀደህ ክንዱን አታወጣለትም?”

ወንድሜ ተቆጣ። “እኔን? ምን ዓይነት ሰፊ መሰልኩሽ?”

አባትና ልጅ ተያዩ። እኔ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ። ወንድሜም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከገባ በኋላ ተመልሶ ቢወጣስ አላት።

“እስኪረጋ በቀጭን ሽቦ ይያዛል። ከዚያ ሽቦው ይወጣል።”

“በስፒል ይዞ መስፋት ነው በይኛ! ታዲያ ይህን ቀድማችሁ አትነግሩኝም ነበር?”

ይህን የሚለው ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት ሂድ ስንለው ለከረምነው ለእኛ ነው።

ቀዶ ጥገናው ተሠራለት። ፋሻው ሲፈታ መነጽሩን አድርጎ ስፌቱን መረመረና አንዷ ክር ጠበቅ ብላለች ብሎ ለሐኪሙ ነገረው። ጣቱ ትንሽ ደረቅ ብሎ ቢቀርም በሁለት እግሩ መኪናውን ያስጋልበዋል፤ ስፌቱም ቀጥ ብሏል፤ ደንበኞቹም ከማዶ ተመልሰዋል። እናንተም ጣት ሲወልቅ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። በእጅ የሚመለሰውን ለቢላ አታቆዩት።

እኔን ካልሰማችሁ ወንድሜ ዘንድ ትደርሳላችሁ። አሁን ለልክ የሚመጣውን ሁሉ መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ ይላል። በቀደም አንዱ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ ትንሿ ጣቱ ጠማማ ሆና ተገኘች። ሰውየው ሐኪም ቤት ተልኳል፤ ሱሪው ገና አልተለካም።