ዳቦውን ከበላችሁ በኋላ

— ሄሎ? … አዎ፣ ዞኪር ነኝ። ቆይ ማህሊዮ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ፤ ስምንት ወር ተቀምጬ ለጠረጴዛ ጨዋታችን የፈጠርኩትን የምናብ አገር በአንድ ቁራሽ ዳቦ የምታፈርሱት በምን ሥልጣን ነው?

— አልተቆጣሁም። ድምፄ ነው። … እንደ ታላቅ ወንድም «አካ፣ አካ» እያልሽ አታባብዪኝ።

— ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? … ወደ በረንዳ ልውጣ። … አሁንስ?

— እሺ። ጨዋታው የተጻፈው የአገሩ ገዥ ኻኑ በመጀመሪያው ግብዣ ላይ በእናንተ እጅ እንዲሞት ነው። ጦርነቱም፣ የጨው ከተማዋም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት። ካርታውን ሁሉ ስያለሁ። አንቺ የምትጫወቻት ጦረኛ ግን ሰይፏን ወደ ሰገባው መለሰች። «ዳቦውን በልቻለሁ፣ አልገድለውም» አለች። ሦስቱም ተጫዋቾች ተከተሉሽ።

— … አዎ፣ ዳቦውን ያቀረብኩት እኔው ነኝ። ግብዣውን ለማሳመር ነበር። ዳቦውን የበሉለትን ሰው መንካት ነውር መሆኑን ሳማርካንድ ያደገ ሰው እንዴት ይረሳል ብትዪኝ እውነትሽን ነው።

— ጣሪያውን ተዪው። … እሺ፣ አዎ። እናንተ እምቢ ስትሉ ኻኑ ላይ ጣሪያ ጥዬ ገደልኩት። የፈሪ ሥራ ነው። ጠረጴዛውን ጥላችሁ ስትወጡ ግን … ስድስት ዓመት አብረን ተጫውተናል እኮ። ሳምንቱን ሙሉ ስልኬን ሳይ ነው የሰነበትኩት።

— ምን አልሽ? … ድገሚልኝ። … ሁላችሁም ትመለሳላችሁ? ባሆዲርም? «ሁለተኛ እግሬ ቤትህን አይረግጥም» ብሎ አልነበር? … እፎይ። ተመስገን።

— እማዬ፣ እሁድ ይመጣሉ። … እሺ፣ እነግራታለሁ። … «የሰው ዳቦ በልቶ ሰው መግደል ነውር ነው፣ ደግ አደረገች» ትልሻለች። እሷም ከናንተ ወገን ናት።

— በይ ስሚኝ። ጣሪያው አልወደቀም። ኻኑ በሕይወት አለ። … አዎ፣ የጣሪያውን ነገር ሰርዤዋለሁ። … ቆይ ግን። አመፀኞቹ መምጣታቸው አይቀርም። በእኔ ወረቀት ላይ ከነሱ ጋር ነበራችሁ። አሁን የኻኑ እንግዶች ናችሁ። … አየሽ? ከካርታው ላይ አንድ መስመር አልፋቅሁም። ጦርነቱ ያው ነው፤ የቆማችሁበት ተለወጠ እንጂ። … አትሳቂ፣ አሁን ከአንቺ ጋር ሳወራ ነው የመጣልኝ።

— አመፀኞቹ እነማን መሰሉሽ? ጨው ቆፋሪዎች ናቸው። ኻኑ ጉድጓዳቸውን ዘግቶ ውኃ ከልክሏቸዋል። ይህን ሳትጠይቁ ነው ዳቦውን የበላችሁለት። እሁድ አንዲት ሴት፣ እኔው ሆኜ የምጫወታት፣ የታመመ ልጇን አቅፋ በኻኑ በር ላይ ትቆማለች። «ለዳቦው ነው የምትቆሙት ወይስ ለኔ?» ትላችኋለች።

— የፈለግሽውን ምረጪ። ምንም ጣሪያ አይወድቅም፣ በእናቴ። … ኧረ አሁን አትንገሪኝ፣ በስልክ አልቀበልም። እሁድ፣ ባሆዲርም ሁሉም በተቀመጡበት፣ ተነሥተሽ ሴትየዋን ፊት ለፊት እያየሽ መልሺላት።