ቃጫው የያዘው እርሳስ

አንድ ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወርድ፣ ሽማግሌው ዶን ፋውስቲኖና የወንድማቸው ልጅ ኖኤሚ በሽማግሌው የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። በእኛ የኢዳልጎ መንደር ማዕድኑ አልቆ የቀረን የዝቃጩ ቁልል ነው። እሳቸው ሠላሳ ዓመት ማዕድን ቆፍረዋል፤ ዛሬ መንደሩን በነጻ ያጠጣሉ። እሷ ኬሚስትሪ ተምራ መመለሷ ነው።

«መምህር፣ እስቲ ይፍረዱን! ይህን የመሰለ ኩልል ያለ ውሃ እርሳስ አለበት ትለኛለች!»

«አጎቴ፣ ከዝቃጩ ሰርጎ በውሃ የሟሟ መርዘኛ እርሳስ በዓይን አይታይም። ሐኪሙ ሉስን መርምሮ ደሟ ውስጥ እርሳስ አለ ያለውን ሰምተው የለ?»

ሉስ የልጅ ልጃቸው፣ የእኔም ተማሪ ናት።

«ሉስ ፊደል አልያዝ ያላት በእኔ ወጥታ ነው!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ከአንጀት አልነበረም።

ኖኤሚ ቃጫ የታጨቀበት ቱቦ አሳየችን። ቃጫውን በሶዳ ቀቅላ፣ በሎሚ አሲድ ነክራ፣ በምድጃ አድርቃዋለች።

«እኛ ገመድ እንገምድበታለን፤ አንቺ ውሃ ልትገምጂበት ነው?»

«ውሃው ያልፋል፣ እርሳሱ ቃጫው ላይ ይቀራል።»

«ቃጫው ሲጠግብስ?»

ይህ የፌዝ ጥያቄ አልነበረም፤ የማዕድን ሰው ጥያቄ ነበር። ሰው መጠየቅ ከጀመረ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

«በኮምጣጤ አጥበን ደግመን እንሠራበታለን። ሁለት ሳምንት ውሃዎን ያሳልፉበትና ይፍረዱ።»

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ተሰበሰብን። ኖኤሚ ያገለገለውን ቃጫ በጥቂት ኮምጣጤ አጥባ፣ እርሳስ ሲነካው ቢጫ የሚሆን መድኃኒት ልታንጠባጥብ ስትል፣ «ቆዪ! ኮምጣጤው ራሱ ቢጫ ቢያደርገውስ? መጀመሪያ አዲስ ቃጫ እጠቢ» አሏት ዶን ፋውስቲኖ።

አጥባ መድኃኒቱን አንጠባጠበችበት፤ ምንም አልተለወጠም። የአሮጌው ቃጫ እጣቢ ግን በሙታን ቀን መቃብር ላይ እንደምንበትነው አበባ ቢጫ ሆነ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ባለቤቴ አርባ ዓመት ጠጣችው። ቀድቼ የምሰጣትም እኔ ነበርኩ።»

ኖኤሚ እጃቸውን ያዘች። «አላወቁም ነበር፣ አጎቴ።»

«አሁን አወቅሁ። ይህንን እጣቢ እንዳትደፊው! እርሳሱ ተመልሶ ጉድጓድ ይገባል።»

ከዚያ ወዲህ እጣቢው በተከደነ ማሰሮ እየተጠራቀመ ወደ ከተማ ቤተ ሙከራ ይላካል። ቃጫውን ማንም ከጓሮው ያገኘዋል፤ አንዱ እሽግ ስድስት ጊዜ ታጥቦ ይሠራል። በስምንተኛው ወር የሉስ ደም ውስጥ ያለው እርሳስ በግማሽ ቀነሰ።

ዶን ፋውስቲኖ የቃጫ ማጣሪያ ለሌለው ሰው ውሃ መስጠት አቆሙ። አንድ ጎረቤት፣ «እስከ ዛሬ ሲያጠጡን የት ነበሩ?» ብሎ አፈጠጠባቸው።

«ትላንት የሰጠሁህ ባለማወቅ ነው» አሉት። «ዛሬ እያወቅሁ ብሰጥህ ግን ነገ ስጠየቅ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»